ሦስት ዓመት፣ ስድስት ጥቆማ፦ «የጥቆማ ሥርዓታችን ይሠራል» ብዬ ልፈርም?

ባለሰማያዊ እስክሪብቶ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት ክፍል ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ እናንተም ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ በዕቅዳችን ላይ ያልለመድነው ሥራ ገብቷል፤ «የጥቆማ አቀባበልና የጠቋሚዎች ጥበቃ ሥርዓት ውጤታማነት ግምገማ» ይላል። የነዳጅ ኩፖንና የውሎ አበል ስመረምር ለኖርኩ ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው። ኩፖን ይቆጠራል። ይህ በምን ይለካል?

የጀመርኩት ከመዝገቡ ነው። በሦስት ዓመት የተመዘገበው ጥቆማ ስድስት ሲሆን፣ የስድስቱም የመጨረሻ ዓምድ «ተጣርቶ መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ቀለም፣ ሳየው በአንድ ከሰዓት በኋላ የተሞላ ይመስላል። ቀጥዬ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ሣጥናችን የተሰቀለው ከዋና ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲከፈት አራት ነገር ወጣ፦ የከረሜላ ልጣጭ፣ ስለ ሻይ ክበቡ ዋጋ የተጻፈ አቤቱታ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም የሚል ማስታወሻ (እውነት ነው)፣ በመጨረሻም ስለ አንድ የጎማ ግዥ የተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥር ሳይቀር የሚጠቅስ ባለሁለት ገጽ ደብዳቤ። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

የሥነ ምግባር ክፍሉ ኃላፊ «ጥቆማ አልበዛም ማለት ችግር አልበዛም ማለት ነው» ይላሉ። መመሪያ አለ፣ ሣጥን አለ፣ ኃላፊ አለ፤ በዝርዝር ማረጋገጫው ሁሉም «አለ» ነው። እኔ ግን ልፈርም አልቻልኩም። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

---

ጡረተኛው

ወንድሜ፣ ያ የጎማ ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ መክረሙን ስታውቅ ግምገማህን ግማሽ ጨርሰሃል።

እኔ በሁለት መሥሪያ ቤቶች የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ክፍሎቹ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 144 ሲደራጁ ተጠሪነታቸው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ጥቆማው ስለ ራሱ ስለ ኃላፊው ቢሆን ደብዳቤው ወዴት ይሄዳል? መመሪያችሁን ገልጠህ ፈልግ። እኔ በሠራሁበት ዘመን መልሱ አልተጻፈም ነበር። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምን እንዳደረግሁ ብትጠይቀኝ በሐቀኝነት እነግርሃለሁ፦ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ልጆች ነበሩኝ።

ሁለተኛው፣ ጥቆማው ስንት እጅ እንደነካው ቁጠር። እኛ ዘንድ የነበረው አካሄድ ይህ ነው። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ታነበዋለች። ወደ ኃላፊው ቢሮ ይወጣል፤ ጸሐፊዋ ታነበዋለች። ኃላፊው ይመሩበታል። ከዚያ «አስተያየታችሁን በሦስት ቀን ውስጥ እንድትልኩ» የሚል መሸኛ ተጽፎ፣ ዋናው የጥቆማ ደብዳቤ በአባሪነት ተያይዞ፣ ለተጠቆመበት ክፍል ይላካል! በዓይኔ ያየሁት ነው። ጠቋሚው ስሙን ባይጽፍ እንኳ የእጅ ጽሕፈቱን ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ አለቃ አይስተውም። ያ ሰው በሁለት ወሩ «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ» በሚል ከአዲስ አበባ ውጭ ተዛወረ። በዚያ ክፍል ከዚያ በኋላ ጥቆማ የሚባል ነገር አላየሁም። ኃላፊው ግን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «የጥቆማ ቁጥር ቀንሷል» ብለው እንደ ውጤት ጻፉት።

---

ሽሮ ሜዳ

ከረሜላ የበላው ሰው ቢያንስ ሣጥኑን ተጠቅሞበታል።

---

ሰነድ አንባቢ

የሕጉን ነገር ላክልበት፤ ብዙ ሰው «የጠቋሚ ጥበቃ አዋጅ አለን» ብሎ እዚያ ላይ ያቆማልና።

አዋጁ አለ፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። ነገር ግን አንቀጽ 3ን አንብቡት። ጥበቃው የሚሠራው ወንጀሉ በአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ከጠቋሚው መረጃ ወይም ከምስክሩ ቃል በቀር በሌላ መንገድ ሊገለጥ ወይም ሊረጋገጥ የማይችል ሲሆን፣ እንዲሁም በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ይደርሳል ተብሎ ሲታመን ነው። መኖሪያ መቀየር፣ ማንነት መደበቅ፣ ራስን መከላከያ መሣሪያ እስከ መስጠት ይደርሳል። የታሰበው የግድያ ዛቻ ለደረሰበት ምስክር ነው።

የመሥሪያ ቤት ጠቋሚ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠቃው በሽጉጥ አይደለም። የሥራ አፈጻጸም ነጥቡ ከ92 ወደ 71 ይወርዳል። የትምህርት ዕድል ያልፈዋል። ከኮሚቴ ይወጣል፣ ወንበሩ ወደ ኮሪደር ይወጣል፣ ሰላምታ ይነሳል። ይህ ሁሉ በመደበኛ ደብዳቤ፣ በሥልጣን ክልል፣ ማኅተም ተመትቶበት የሚደረግ ነው። የመሥሪያ ቤትህ መመሪያ ይህን ክፍተት ይሸፍናል ወይስ አዋጁን ገልብጦ አስቀምጧል? ግምገማህ ውስጥ አስገባው።

ሌላም አለ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ይመረምርም፣ ይከስም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 1236/2013 እንደገና ሲቋቋምም ዋና ሥራው መከላከል፣ ማስተማርና ሀብት ማስመዝገብ ሆነ። ብዙ ሠራተኛ ግን አሁንም «ፀረ ሙስና ሄጄ አመለክታለሁ» ነው የሚለው። በሩን ያንኳኳው አንድ ቦታ፣ ፋይሉ የሚከፈተው ሌላ ቦታ። ሠራተኞችህ ጥቆማ ለማን እንደሚሰጥ በትክክል ያውቃሉ? ጠይቃቸው።

---

ግዥ ላይ የቆየ

ሁላችሁም ጠቋሚውን መልአክ አድርጋችሁ ስለምትጽፉ ሌላውን ወገን እኔ ልናገር።

ስም የሌለው ደብዳቤ ተጽፎብኝ ስምንት ወር ከሥራ ታግጃለሁ። ክሱ ከአቅራቢ መኪና ተቀብሏል የሚል ነበር። መኪናዋ የባለቤቴ ወንድም ናት፤ ሊብሬው ይናገራል። ስምንት ወር ሙሉ ሊብሬውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ «መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ሁለት መስመር ተሰጠኝ፤ ይቅርታ የለ፣ ምንም የለ። ጨረታ ያላሸነፈ ሁሉ ጠቋሚ ነው፣ ዕድገት ያመለጠው ሁሉ ጠቋሚ ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ጥቆማ የሄደ ሰው ቤተሰብ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡ «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ያወጣው እንዲሁ አይደለም።

---

ጡረተኛው

ወዳጄ፣ የደረሰብዎ ነገር ያሳዝናል። ነገር ግን ስምንት ወር ያቆየዎት ጠቋሚው ነው ወይስ ሊብሬ መጠየቅ ያቃተው አጣሪ?

---

ሰነድ አንባቢ

የ«ግዥ ላይ የቆየ»ን ነጥብ ማለፍ የለብንም። የተጠቆመበት ሰው ምን ያህል ጊዜ በእንጥልጥል ቆየ፣ ቃሉን መች ሰጠ፣ ነፃ ሲወጣ ስሙ እንዴት ታደሰ፤ ይህም የሥርዓቱ መለኪያ ነው። የጎማው ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየበትና የእርሳቸው ፋይል ስምንት ወር የቆየበት ምክንያት ያው ነው፤ ማጣራት የሚችል ሰው የለም።

ስለ ቂም ግን እንዲህ አስባለሁ። ጠቋሚው ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀንቶ ሊሆን ይችላል። የሰሌዳ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ንዴቱ ምን ይለውጣል? እንግሊዞች የጠቋሚ ሕጋቸውን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ «በቅን ልቦና» የሚል መስፈርት ነበረበት፤ አሠሪዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ስለ ጥፋቱ መመለስ ሲገባቸው የጠቋሚውን ልብ መመርመር ያዙ። በ2013 መስፈርቱን ከጥበቃው አወጡና ካሣ መቀነሻ ብቻ አደረጉት፤ ጥበቃ ለማግኘት ጉዳዩ ለሕዝብ የሚጠቅም ነው ብሎ በምክንያት ማመን ተጠየቀ። እያወቀ የሐሰት ማስረጃ የፈበረከ ግን ይጠየቅ፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

---

ነርሷ፣ ከበርሚንግሃም

እንግሊዝ ከተነሣ እኔም ልጨምር፤ አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታል ሠርቻለሁ። እዚህ በስታፎርድ ሆስፒታል የደረሰው የሕሙማን በደል ከተመረመረ በኋላ፣ ሠራተኛው ለምን ዝም አለ፣ የተናገረውስ ለምን አልተሰማ የሚል ሌላ ጥናት ተደርጎ በ2015 ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሆስፒታሉ ሠራተኛ ሥጋቱን የሚነግረው አንድ ሰው ተመደበ።

ለጠያቂያችን የሚጠቅመው አለካኩ ይመስለኛል። በየዓመቱ ለሠራተኛው በሚላከው መጠይቅ ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠየቃል፦ ያሳሰበህን ለመናገር ደኅንነት ይሰማሃል ወይ? ብትናገርስ መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ያደርጋል ብለህ ታምናለህ ወይ? እኔ የነበርኩበት ክፍል በመጀመሪያው ጥሩ፣ በሁለተኛው መጥፎ ነበር። ማንም አይጎዳኝም፤ ግን ማንም አይሰማኝም። መድኃኒቱ የተለያየ ስለሆነ በአንድ ጥያቄ አትደባልቁት።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር፣ ጉዳዩ ሲዘጋ ተናጋሪው «ያለፍክበትን አይተህ፣ ዳግም ትናገራለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በመናገሩ ጉዳት ደረሰብኝ ያለም ለብቻ ይመዘገባል። ፍጹም ነው አልልም፤ ተናግራ ፈረቃዋ የተቀየረባት ጓደኛ አለችኝ። ግን ቢያንስ ጥያቄው ይጠየቃል።

---

ባለሰማያዊ እስክሪብቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። (ጡረተኛው አባታችን፣ እኅትዎ ነኝ እንጂ ወንድምዎ አይደለሁም፤ ግን ምክርዎን ተቀብያለሁ።)

የእርስዎን መንገድ ተከትዬ የስድስቱን ጥቆማዎች ጉዞ በካርታ ሣልኩት። ከመግቢያ እስከ መዝጊያ በትንሹ አምስት፣ በብዛት ዘጠኝ ሰው አንብቧቸዋል። ስማቸውን የጻፉት ጠቋሚዎች ሦስት ናቸው። የሰው ኃይል ማኅደራቸውን ከጥቆማው ቀን በፊትና በኋላ አስተያየሁ፦ አንዱ ተዛውሯል፣ አንዷ በራሷ ፈቃድ ለቅቃለች፣ ሦስተኛው የነበረበት አለ። ሦስት ሰው ማስረጃ አይሆንም ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ግን ከጠቋሚዎች መካከል ለአንዱም መልስ ተጽፎለት አላገኘሁም። «ደርሶናል» የሚል አንዲት መስመር እንኳ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አናደደኝ። የዓለም አቀፍ የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከተመረመሩት የማጭበርበር ጉዳዮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው፤ ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የራሱ የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። የውስጥ ኦዲት ያገኘው 14 በመቶ ነው። እኛ በዓመት ስንት ሺህ ደረሰኝ እናገላብጣለን፤ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ የሚያውቀውን አናውቅም።

---

ስቶክሆልም

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ቀን ቆርጦለታል፦ ጥቆማው መድረሱ በሰባት ቀን ውስጥ ለጠቋሚው ይነገራል፣ ምን እንደተደረገ ቢበዛ በሦስት ወር ይገለጽለታል። ከዚህም በላይ ጠቋሚው ከተባረረ ወይም ዝቅ ከተደረገ፣ እርምጃው ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ» እዚህ አትበቃም።

እኔ የምኖርባት ስዊድን ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝ አላት። የመንግሥት ሠራተኛ ለጋዜጠኛ መረጃ ከሰጠ፣ መሥሪያ ቤቱ መረጃ ሰጪው ማን እንደሆነ ማፈላለጉ ራሱ ክልክል ነው። ኃላፊ በስብሰባ ላይ «ማን ነው የተናገረው?» ብሎ ቢጠይቅ ሕግ ጥሷል፤ ሆን ብሎ ካደረገው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። እኛ አገር እኮ የማጣራት ሥራ የሚጀምረው በዚያች ጥያቄ ነው።

---

ሜሪላንድ

ውጭ አገሩን እንዳናደንቅ አንድ እውነታ ልጣል። አሜሪካ የፌዴራል ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ ሕግ በ1989 አውጥታለች። የበቀል እርምጃ የደረሰበት ሠራተኛ ይግባኙ የሚያርፈው ሦስት አባላት ባሉት ቦርድ ዘንድ ነው። ያ ቦርድ ከጥር 2017 እስከ መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም፤ አባላት አልተሾሙለትም። አምስት ዓመት! ከ3500 በላይ መዝገብ ተቆለለ። ሕጉ ነበር፣ ሕንፃው ነበር፣ ድረ ገጹ ነበር። በአንቺ ዝርዝር ማረጋገጫ ሁሉም «አለ» ይባል ነበር።

---

የስታቲስቲክስ መምህር

መጠይቅ ልትበትኚ ከሆነ አደራ፣ አንድ ነገር። ሰዎች «ስም አይጻፍም» ብለው ይጀምሩና ጾታ፣ የሥራ ክፍል፣ የአገልግሎት ዘመንና የትምህርት ደረጃ ይጠይቃሉ። በግዥ ክፍል ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት ሴት ስንት ናት? አንዲት ናት። ስሟን ጠየቅሽ ማለት ነው። ክፍልን ጨርሶ አትጠይቂ፤ ከአሥር ያነሱ ሰዎች ያሉበትን ምድብ ለብቻው አታውጪ። ክፍት ጥያቄ ካለሽ መልሱን ራስሽ በኮምፒውተር ገልብጠሽ ዋናውን ወረቀት አስወግጂ፤ በእጅ የተጻፈውን ለማንም አታሳዪ። የምትሰበስቢበትንም ሣጥን ከጸሐፊዋ ፊት አንሺው፤ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ይሻላል፣ እዚያ ሁሉም ምክንያት አለው።

---

ሽሮ ሜዳ

መቀርቀሪያው ከተሠራ በኋላ።

---

ግዥ ላይ የቆየ

ለጡረተኛው፦ ጥያቄዎን ሁለት ቀን አሰብኩበት። አጣሪው ነው። ያንን ደብዳቤ የጻፈብኝን ሰው ግን አሁንም ብይዘው...

---

ባለሰማያዊ እስክሪብቶ

የመጨረሻውን ላካፍላችሁ፤ ሪፖርቱ ዛሬ ጠዋት ገብቷል።

መጠይቁን በመምህሩ ምክር ሠራነው። ከተበተኑት ሁለት ሦስተኛ ያህል ተመለሱ፤ ለእኛ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ጥቆማ ለማን እንደሚቀርብ ያወቀው ከአራት ሰው አንድ ነው። «ብትጠቁም ጉዳት ይደርስብሃል?» ለሚለው ግማሹ አዎን ብሏል፤ ከዚያ የበዛው ግን «ምንም ለውጥ አይመጣም» ያለው ነው። የነርሷ ነገር ትዝ አለኝ። «ጥፋት አይተው ሳይናገሩ የቀሩበት ጊዜ አለ?» የሚለውን ደግሞ ብዙዎች ባዶ ትተውታል፤ አዎንም የለምም ሳይሉ። ባዶውን ለብቻው ቆጥሬ ሪፖርቱ ላይ አስገባሁት።

የጎማውን ደብዳቤም ተከታተልኩ። ከንብረት ክፍል የገቢ ሰነድና ከተሽከርካሪው የጥገና ካርድ ጋር ሳስተያየው ደብዳቤው ከያዛቸው አምስት ነጥቦች ሦስቱ ልክ ናቸው፤ የተቀሩትን ሁለቱን ማጣራት የእኔ ሥልጣን አይደለም። ወደሚመለከተው አካል እንዲተላለፍ በምክረ ሐሳቡ ላይ ጽፌያለሁ፤ ዋናው ደብዳቤ ሳይያያዝ፣ ይዘቱ በእኔ ቃል ተጽፎ።

ትናንት የማጠቃለያ ውይይት ነበር። ኃላፊዎች ተቀምጠው ውጤቱን አቀረብኩ። በአባሪው ውስጥ ለክፍት ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አሥራ ሁለቱ በኮምፒውተር ተገልብጠው አሉ። ዘጠነኛው «ሣጥኑ ውስጥ ጽፌ ከመክተት ዝም ብዬ እንጀራዬን መብላት ይሻላል፤ ሦስት ሰው አይቻለሁ፣ አራተኛው አልሆንም» ይላል። ዋና ዳይሬክተሩ ገጹን ገልጠው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ሥነ ምግባር ክፍሉ ኃላፊ ዞረው «ዘጠነኛውን ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ የስቶክሆልሙ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ሳቄን ለመዋጥ ውሃ ጠጣሁ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ የሪፖርቱን ግኝት ክፍል ከፈትኩና አንድ ቁጥር ጨመርኩበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቀውን ጥያቄ በትእምርተ ጥቅስ። ከዚያ ፈረምኩ።

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚደርስሽን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂ እቤትሽ አስቀምጪ።